ሃያ ሦስት ወንበር

ሥራዬ መቁጠር ነው። ሌላው ፊልም ያሳያል፣
ሌላው ታሪክ ያወጋል፣ ሌላው ፎቶ ይሰቅላል፤
እኔ ወንበር ልዋስ ቤት ለቤት እዞራለሁ፣
በደብተሬ ጽፌ፣ ቆጥሬ እመልሳለሁ።

ኡራጓይ፣ መሐል አገር፣ ባሕር የማይሸትበት፣
ሳን ኤሊሴዮ ገባን፣ ሰኔ ነው፣ የእነሱ ክረምት።
ከሞንቴቪዴዎ ስድስት ሰዓት መንገድ፣
ዳጎቤርቶ ሲነዳ፣ ቫኑ ሲንገዳገድ፤
ባቡር ከቀረበት ሠላሳ ዓመት አልፎት፣
ጣቢያውን ጸጥታ፣ ሐዲዱን ሣር ውጦት።

ያመጣነው ይህ ነው፦ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ አንድ አጭር ፊልም፣
ወንድ ከወንድ ጋራ፣ ሴት ከሴት ጋራ
ያረጁባቸው ቤቶች። ሌላ ምንም።

ከንቲባው ሲፈቅዱ እንዲህ ነበር ያሉን፦
«ጣቢያውን ውሰዱት፣ አምፖሉን፣ ቁልፉን፤
ቀስተ ደመናውን ግን ከውስጥ ስቀሉት፣
አደባባዩ ላይ የቅዱስ ሐውልት አለበት።»

ስምንት ወንበር ከቤተ ክርስቲያን፣ በጓሮ በር፣
(የሰጠችን ጽዳቷ ነች፤ ቄሱ ተኝተው ነበር፣)
ከኳስ ክለቡ ስድስት፣
ዘጠኙን ደግሞ ከሬሳ ሣጥን ቤት።
«ሟች አይቀመጥበት፣ ለቀሪ ነው» አለች
ዶኛ ኦቲሊያ፤ «እንዳትቧጭሩብኝ» ብላ አስጠነቀቀች።

አንድ ሰዓት ሆነ። ማንም።
አንድ ተኩል። ውሻ ገባ፣ አሽትቶ ወጣ።
በመስኮቱ ግን ጥላ ያልፋል፣ ይመለሳል፤
ዳቦ የገዛ ሰው በአንድ ምሽት ስንቴ ዳቦ ይገዛል?

በኋላ ዶኛ ኦቲሊያ መጣች፣ ወንበሯን ልትጠብቅ፤
ከፊት ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ።
ከእርሻ ትምህርት ቤቱ ሁለት ልጃገረዶች፣
ሳይተያዩ ተጠጋግተው።
የፖሊሱ እናት።

አምፓሮ ተነሣች። እዚሁ ነው ልደቷ፣
በአሥራ ሰባቷ፣ በሌሊት ነው ስደቷ፤
የወንድ ስም ነበር ያኔ መጠሪያዋ፣
ይኸው ጣቢያ ነበር ያኔ መሳፈሪያዋ።
አላለቀሰችም። ያወራችን ስለ ትኬት ነው፦
ቆራጩ ቀና ብሎ አየኝ፣ አለች፣
ቀሚሴን በኮት ሸፍኜዋለሁ፣
ሣንቲሜን በመስኮቱ ቀዳዳ ገፍቶ መለሰልኝ፤
ከዚያ «ይቅናሽ» አለኝ።
«ይቅናህ» አላለም።
«ይቅናሽ።»
ባቡሩ እስኪነሣ አፌ ውስጥ ሳላምጠው ቆየሁ።

ከበሩ በኩል አንድ ነገር ተንሿሿ፤
ዞሬ አላየሁም፣ አምፖሉም ደካማ ነው።

ሲነጋ ልመልስ ወንበር ስደረድር፣
ሃያ አራት ሆነብኝ፤ ደግሜ ብቆጥር
ሃያ አራት።
አንዱ የማንም አይደል፤ የወጥ ቤት ወንበር ነው፣
መቀመጫው ገለባ፣ እግሩን ሽቦ ያሰረው፣
ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

ዶኛ ኦቲሊያ ዘጠኝዋን ልትረከብ መጥታ
ሽቦውን በጣቷ ነካች።
«የኤሌውቴሪዮ ነው፤ የትኬት ቆራጩ።
መንታ አለው ይህ ወንበር። እሱና የአጎቱ ልጅ
ሠላሳ አንድ ዓመት ቁርስ በልተውበታል።
የአጎት ልጅ እንል ነበር። አጎት እንደሌለው
ከተማው በሙሉ ያውቃል።
የሰውዬውን ሣጥን ባለቤቴ ነው የሠራው፤
በቀብሩ ቀን እህቶቹ ከሩቅ መጥተው ከፊት ተቀመጡ፣
ኤሌውቴሪዮ ከኋላ ቆመ፣ ኮፍያውን ይዞ፣ እስኪያልቅ።
ወንበር አቅርቡለት ያለ የለም።
እኔም አላልኩም። ዘጠኝ ወንበር እያለኝ።»

ልውሰድለት ብዬ ወንበሩን ሳነሣ
እጄን ያዝ አደረገችው፦
«ተወው። ረስቶት አይደለም።»

ዳጎቤርቶ ጡሩምባ ይነፋል፤ ነዳጅ ሳይዘጋ እንድረስ ይላል።
አምፓሮ የማቴ ብርጭቆዋን እንደያዘች
ትኬት መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ መስታወቱ የለም፣ ቀዳዳው አለ።
ከንቲባው ቁልፉን ሲቀበሉኝ
«ለመሆኑ ስንት ሰው መጣ?» አሉ።

ሥራዬ መቁጠር ነው።
«ገና አልጨረስኩም» አልኳቸው።